ጥሪህ ሰሚ እንዲያጣ

ይህ ምክር የተጻፈው እንዳትከተለው ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር እየበረርክ ነው እንበል። የጮቄ ተራራ ከሥርህ፣ የግንደወይን ከተማ በስተቀኝህ። አንዱ ሞተር ጠፋ። ጥሪህ ሰሚ እንዲያጣ ከፈለግህ መጀመሪያ ይሉኝታ ያዝ። የአደጋ ጥሪውን «ሜይዴይ» ብሎ ሦስት ጊዜ መጣራት ያሳፍርህ፤ «ትንሽ ችግር ገጥሞን ነበር፣ ቅድሚያ ብትሰጡን» በል። ጥር 1982 ዓ.ም. ከኮሎምቢያ ወደ ኒውዮርክ የሄደው የአቪያንካ አየር መንገድ ቦይንግ 707 ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ ሲዞር ቆየ። አብራሪዎቹ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ተናገሩ፣ ቅድሚያም ጠየቁ፤ የአደጋ ጥሪ ግን አላሰሙም። የበረራ ተቆጣጣሪዎቹም የአብራሪዎቹን ጭንቅ ሳይረዱ ቀሩ። ነዳጁ አልቆ አውሮፕላኑ ወደቀ፤ ከ158 ሰዎች 73ቱ አለቁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል፤ አንዲት ቃል ነበረች የጎደለችው።

ቀጥሎ ዘግይ። የአውሮፕላን ሬዲዮ ሞገድ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ተራራ አያልፍም። ከፍ ብለህ ሳለህ የሚሰማህ አለ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚቆመው ጮቄ ጀርባ ወይም ዓባይ በረሃ ውስጥ ከወረድክ ግን የለም። እዚያ እስክትደርስ ዝም በል። የአደጋ ጊዜ ሞገድ የሆነውን 121.5 ሜጋኸርዝንም እርሳው፤ በላይህ የሚያልፍ ሌላ አብራሪ ሰምቶ መልእክትህን ሊያቀብልልህ ይችላልና። ለራዳር ምላሽ በሚሰጠው ትራንስፖንደር ላይም የአደጋ ኮዱን 7700 አታስገባ፤ ራዳር ላይ ከሌላው ተለይተህ ትታያለህና።

ስትናገር ደግሞ ታሪክ ተርክ። የበረራ መለያህን፣ የገጠመህን፣ ልታደርግ ያሰብከውን፣ ቦታህንና ከፍታህን፣ የተሳፋሪውን ቁጥርና የቀረህን ነዳጅ ተወው። «ተራራ አጠገብ ነን» ብለህ ዝጋ፤ ፈላጊ ከቢቸና እስከ ሞጣ ይንከራተት። አውራ ጣትህንም ከመናገሪያው ቁልፍ ላይ አታንሣ፤ ተጭነኸው ሳለ መልስ አይገባልህም።

በመጨረሻም መሪውን ከመያዝህ በፊት ሬዲዮውን ያዝ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሣ ርግቦች ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ያለህ ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። በትክክለኛው ቅደም ተከተል አውሮፕላኑን ማብረር ይቀድማል፣ አቅጣጫ መያዝ ይከተላል፣ ንግግር ከዚያ በኋላ ነው፤ አንተ ግን ገልብጠው። ተቆጣጣሪው ጥያቄ ሲደራርብብህ «ቆዩኝ» ማለት እንደምትችል ረስተህ ሁሉንም መልስ፤ እጅህ ከመሪው ላይ የሚነሣው ያኔ ነው።