ስለ ሸፈቱ ፊደላት የወጣ ዐዋጅ

ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

በቪልና ከተማ የምንቀመጥ፣ በሩስያ ንጉሠ ነገሥት ቸርነት ለሊትዌንያ ሕዝብ ከራሱ ይልቅ የምናስብለት እኛ አገረ ገዥው፣ በ1863 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተነሣው ዓመፅ ከጠፋ በኋላ፣ ሥሩ በሰው ልብ ሳይሆን በላቲን ፊደል ውስጥ ተሰውሮ መኖሩን መርምረን ስላገኘነው፣ ከ1864 ጀምሮ የዚህ ሕዝብ ቋንቋ በሩስያ ፊደል ካልሆነ በቀር እንዳይታተም፣ ልጆቹም በሩስያ ቋንቋ እንዲማሩ ታዝዞ ነበር። ሕዝቡ ግን ያሳተምንለትን መጽሐፍ ወደ ምድጃ እየጨመረ ልጆቹን በስውር ስለሚያስተምር፣ 39 ዓመት ታግሠን ይህን ዐውጀናል።

አንቀጽ 1። እናት መንኰራኩር በእግሯ እያሽከረከረች ስትፈትል፣ ከጉልበቷ ሥር የተቀመጠው ልጅ በጣቱ የሚከተለውን ፊደል ሲስት፣ ዐይኗን ከክሩ ሳታነሣ የምታርመው ከሆነ፣ ያ መንኰራኩር ያለ ፈቃድ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነውና ይታሸግ። ክሩ ግን ንጹሕ ስለሆነ ይመለስላት።

አንቀጽ 2። ባዕድ ሰው ደጅ ሲያንኳኳ ዝም የሚሉ ልጆች፣ ልጅ በባሕርዩ ዝም የሚል ፍጥረት አይደለምና፣ ዝምታቸው እንደ ምስክር ይቈጠርባቸው።

አንቀጽ 3። በፕሩስያ ምድር በቲልዚት ታትሞ በሌሊት ድንበር የሚሻገር መጽሐፈ ጸሎት፣ ከክልከላው በፊት በቪልና ታተምሁ ብሎ በፊቱ ቢጽፍም፣ ቀለሙ ገና የጠባቂውን አውራ ጣት የሚያጠቁር ከሆነ፣ ድንበር በመጣሱና ስለ ልደቱ ዘመን ሐሰት በመናገሩ ሁለት ክስ ይመሥረትበት።

አንቀጽ 4። ሕዝቡ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ድንበር የሚያሻግረውን ዩርጊስ ቤሊኒስን የመጽሐፍ ተሸካሚዎች ንጉሥ እያለ መጥራቱን ይተው፤ በአንድ ግዛት ሁለት ንጉሥ አይነግሥምና።

አንቀጽ 5። ጠባቂዎቻችን የሊትዌንያን ቋንቋ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ወንጀለኛውን መጽሐፍ ከጀርመን የመድኃኒት ማሸጊያ ወረቀት መለየት ተስኗቸዋል። ስለዚህ በየማታው በአንድ ቤት ተሰብስበው የተከለከለውን ቋንቋ ከነፊደሉ ይማሩ። ምስጢሩ እንዳይወጣ በሩ ይዘጋ፤ መስኮቱ በጨርቅ ይሸፈን፤ ንባባቸውም በለሆሳስ ይሁን። መምህርት ትሆናቸው ዘንድ ያቺው በአንቀጽ 1 የተከሰሰችው እናት ትጠራ፤ ያለ መንኰራኩሯ ማስተማር አልለመደችምና እሽጉ ይፈታላት።

ይህ ዐዋጅ ለዘለዓለም የጸና ይሁን። ተጻፈ በቪልና፣ ክልከላው በ1904 ሊነሣ አንድ ዓመት ሲቀረው።