ከፔዳ ወደ ፖሊ

ባሕር ዳር ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ደብተር ይዞ ከታየ ምን እንደሚማር የሚጠይቀው የለም። መልሱ የታወቀ ነው፤ ማስተርስ ነው። ትንሽ ቦርጭ ካለው ደግሞ ፒኤችዲ ይሆናል። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ቦርሳዬን አንግቼ በዘንባባዎቹ ሥር ሳልፍ የሰፈሬ ሰው በየልቡ ማዕረግ ሲጨምርልኝ ከርሟል። አንድ ቀን ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን አቁመውኝ «በምን ነው የምትይዘው?» አሉኝ። «በኤሌክትሪክ ዝርጋታ፤ ደረጃ ሁለት» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አይዞህ፣ ያልፋል» ብለውኝ ሄዱ።

እንግዲህ እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ሃምሳን ከሩቅ ሆኜ ማየት ከጀመርሁ ቆይቻለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበሩት ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ቴስተር ናቸው። ለምን ወደዚህ እንደገባሁ ለጠየቀኝ ሁሉ እንደየሰዉ መልሻለሁ። ለባለቤቴ «ለጡረታ ዘመናችን ነው» አልኳት፤ ለባልደረቦቼ «እጄን ለማፍታታት»። እውነተኛው ምክንያት ግን ሶኬታችን የተቃጠለ ጊዜ የመጣው ወጣት ነው። አቦሉ ሳይወርድ ሥራውን ጨረሰና ሒሳቡን ነገረን። እኔ ያን ያህል ብር ለማግኘት ዓድዋን ከውጫሌ ውል እስከ ድሉ፣ ያውም ለብዙ ክፍል፣ ደግሜ ደጋግሜ መዝመት ነበረብኝ።

ልጄ በነገሩ አፍራ «አባዬ፣ ለምን እንደ ሰው ኮዲንግ አትማርም?» ብላኝ ነበር። ሐምሌ 2016 መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ከጀመረ ወዲህ ሰርተፊኬቱን ያላወጣ ሰው ማግኘት እየከበደ ነው። ነፃ ነው፣ በኢንተርኔት ነው፣ ቤት ተቀምጦ ነው። ክፉ አልናገረውም። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ከሞቱ ነገሥታት ጋር ስኖር የምነግራቸው ሁሉ አንድም ቀን መልስ ሰጥተውኝ አያውቁምና፣ ሲነኩት የሚመልስ ነገር አማረኝ።

ደግሞም ከተማዋ ራሷ ለዚህ የተፈጠረች ናት። በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ቆመ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተና ብረታ ብረቱን፣ እንጨቱን፣ ኤሌክትሪኩን፣ የእርሻ መሣሪያውን ያስተምር ጀመር። በዓመቱ ጢስ ዓባይ መብራት አመነጨ። ባሕር ዳር እጇ ላይ ግራሶ ያለባት ከተማ ልትሆን ነበር ማለት ነው። ኋላ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ መምህራን የሚያፈራው የፔዳጎጂ አካዳሚ መጣና እኛን ጠመኔ ይዘን እንድንቆም አደረገን። ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ቢሆኑም፣ አንዱ ግቢ እስከ ዛሬ ፖሊ ነው፣ አንዱም ፔዳ ነው፤ ባለ ባጃጁም የሚጣራው በነዚሁ ስሞች ነው። እኔ የፔዳ ልጅ ነኝ። ደንብ በወረቀት ያዋሐደውን በአንድ ገላ ለማዋሐድ ነው ወገቤን የያዝሁት።

የማታ ክፍሉ ውስጥ በዕድሜ የሚቀርበኝ ነገር ቢኖር የግድግዳው ቆጣሪ ነው። አሠልጣኛችን ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ጨዋ ልጅ ነው። ችግሩ ጨዋነቱ ነው። እዚህ አገር ታላቅን አንተ ማለት ነውር፣ ተማሪን አንቱ ማለት ደግሞ ያልተለመደ። ስም ሲጠራ እኔ ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ጋሼ… አሉ?» ይላል። እንዳለሁማ ያየኛል።

መከራው የመጣው ኮረንቲ ያለው ገበታ ፊት ስንቆም ነው። ለሌላው ሠልጣኝ «ተው!» ይላል፣ አለቀ። ለእኔ ግን «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሷን ቡናማዋን ገመድ ባይነኳት…» ብሎ ይጀምራል። ቡናማዋ ፌዝ ናት። 220 ቮልት ዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ አንቀጽ ላይ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ኮረንቲ አንቱታ አያውቅም። ሰውን ለማዳን የሚገጠመው ማቋረጫ 30 ሚሊ አምፔር ወደ መሬት ሲሸሽ ካየ በሰከንድ ሽራፊ ይቆርጣል፤ የጎጃም ትሕትና ግን ገና «ይቅርታ» ላይ ነው። ኋላ ተስማማን። ዋናው ብሬከር እስከበራ ድረስ አንተ ነኝ፤ ብሬከሩ ሲወርድ አንቱታዬ ይመለሳል። አንዳንዴ መብራት ሲሄድ በመካከል ማዕረጌን አገኛለሁ። መብራት ደግሞ ይሄዳል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የበለስ ማመንጫ ከዚሁ ከጣናችን በዋሻ ውሃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው፤ እኛ ግን ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ስለ ኮረንቲ በስልክ ባትሪ የተማርንበት ምሽት አለ።

ከጎኔ የሚቀመጠው ባለ ባጃጅ የድሮ ተማሪዬ ነው። ሽቦ መላጥ ያሳየኝ እሱ ነው፤ ላስቲኩን ብቻ በምላጭ ዙሪያውን ነካ አድርጎ መሳብ፣ መዳቡን ሳይጭሩ። እያሳየኝ «ጋሼ፣ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ላይ ያስለቀሱኝን ያስታውሳሉ?» አለኝ። አስታውሳለሁ። የጣሊያንኛውና የአማርኛው ልዩነት ምንድን ነው ብዬው፣ «አንዱ በጣሊያንኛ ነው» ብሎ የመለሰልኝ ልጅ ነው። ዛሬ የእሱ ሽቦ ቀጥ ብሎ ስካቶላው ውስጥ ሲገባ የእኔው የተፈለፈለ በቆሎ መስሎ ይወጣል። አይስቅብኝም፤ ይኸው ነው የሚያናድደኝ።

ያም ሆኖ የሚገቡኝ ነገሮች አሉ። ከደረጃው ታች አንድ፣ ከላይ አንድ ማብሪያ ሆኖ አንድ አምፖል የሚያበሩበትን መስመር ስዘረጋ አመሸሁና ለባለቤቴ ሥዕሉን አሳየኋት። በሁለቱ ማብሪያዎች መካከል ሁለት ተመላላሽ ሽቦ አለ፤ የትኛውም ያበራል፣ የትኛውም ያጠፋል፣ የበላይ የሚባል የለም። እኔ ለመረዳት ምሽቱን ሙሉ የፈጀሁበትን እሷ አንዴ አይታ «ይሄማ ትዳር ነው» ብላ ወደ ወጧ ተመለሰች።

ሒሳቡ ሲከብደኝ ደግሞ ኦምን አስባለሁ። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም ስሙን የያዘውን ሕግ ያገኘው ኮሎኝ ውስጥ በትምህርት ቤት መምህርነት ሲሠራ ነው። በ1827 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን ሲያወጣ ከቁም ነገር የቆጠረለት ባገሩ እንኳ ጥቂት ነበር። መምህር ነዋ፤ ማን ይሰማዋል!

በታሪክ መጽናናት የሙያ በሽታዬ ነውና ልቀጥል። ከዚህ ወደ ደብረ ታቦር ብትሄዱ ጋፋትን ታገኛላችሁ። ዋልድማየርና ጓደኞቹ ከስዊዘርላንዱ ክሪሾና የመጡት ወንጌል ይዘው ነበር፤ የእጅ ሙያ ነበራቸው እንጂ መድፍ የመሥራት ሐሳብ አልነበራቸውም። አጤ ቴዎድሮስ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሉ። አናውቅም አሉ። ንጉሡ አሽከሮቻቸውን አሰሩባቸው። በዚህ ጊዜ እንሞክር አሉ፤ እየሞከሩም እየከሸፈባቸውም ቆይተው በ1859 ዓ.ም. ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ አቅልጠው ሠሩ። የእኛ ሲኦሲ፣ ያ የሙያ ብቃት ምዘና፣ ጭንቅ ነው ለሚሉኝ ሠልጣኞች ይህን እነግራቸዋለሁ፤ ቢያንስ የሚታሰር አሽከር የለንም።

ንጉሡስ ራሳቸው ቢሆኑ! በ1858 ዓ.ም. ዘጌ ሰፍረው ሳለ በእንፋሎት ስለሚሄድ መርከብ የሰሙትን ጣና ላይ ለመሞከር ከደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው፣ በጎንና በጎን በእጅ የሚዞር መንኮራኩር እንዳስገጠሙ ያኔ እዚህ የነበረው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። እንፋሎቱ የወታደር ላብ ነበር ማለት ነው። እኔ ከቀስታው ይልቅ የሚገርመኝ መሞከራቸው ነው፤ የነገሥታት ንጉሥ ከተባሉ በኋላ ሀ ብሎ መጀመር ቀላል አይደለም።

ደንገል አስሮ ታንኳ ማንሳፈፍን ከጣና ዳሮቹ ወይጦዎች የሚበልጥበት የለም። ዘመናት ሙሉ የዘጌን እንጨት ወደ ከተማዋ ያመላለሰችው ታንኳ የእነሱ የእጅ ሥራ ናት፤ ነገር ግን ማኅበሩ ሲጠራ ወንበር የሚሰጣቸው አልነበረም። ብረት ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም እንደዚያው። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየሰደባችሁ አታስኮርፉ የሚል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ዐዋጁ ጎረቤቴ ጋ ገና አልደረሰም። ለነገሩ በስተርጅና መማርን ጎጃም ለዓለም ያስተምር ነበር፤ ዋሸራ ወይም ጎንጂ ቅኔ ቤት ጺሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሰው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤቱ መወድስ እስኪደርስ ሲቆጥር ቢኖር የሚያዝንለት አልነበረም። ይከበር ነበር እንጂ። ታዲያ እሱ የሚማረው ቃል ነው፤ እኔ ሽቦ። ያገራችን ነገር ከዚህች ልዩነት ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ለትብብር ሥልጠና የተመደብነው ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ነው። እኔና ያ የውጫሌ ልጅ አዳራሹ ጣሪያ ላይ አምፖል ስንቀይር የመምህራን ወርክሾፕ ገባብን። ከመሰላሉ ላይ ሆኜ ግማሹን ሰው አወቅሁት፤ አብረን ፈተና ያረምን ነን። አንዱ ቀና ብሎ አየኝና ደንግጦ ወደ ጓደኛው ጠጋ አለ፤ «እዚያ ላይ የወጣው አበሉ ስንት ቢሆን ነው?» ሲል ሰማሁት።

ሻይ ሰዓት ላይ የውሃ ማፍያውን፣ ፕሮጀክተሩንና ድምፅ ማጉያውን ባንድ ማከፋፈያ ሰክተው ብሬከሩ ወረደ። አዳራሹ ጨለመ። ማፍያውን ነቅዬ ብሬከሩን መለስሁት፤ በራ። አጨበጨቡልኝ። ያን ሁሉ ዘመን ሳስተምር ለማንም ንጉሥ ሞት ያልተጨበጨበልኝን በአንድ ጣት አገኘሁ። ወዲያው አስተባባሪዋ የስም መቆጣጠሪያውን ይዛ መጣች።

«መምህር ነዎት ወይስ የሆቴሉ ሠራተኛ?»

«ሁለቱንም ነኝ» አልኳት።

ወረቀቷን ገልበጥ ገልበጥ አደረገች። «ሁለቱንም የሚል ሣጥን የለኝም። የሚቀመጡ ከሆነ አበል አለ፤ ለቆመ ሰው አልተያዘም።»

መሰላሉን ለውጫሌው ልጅ አስረክቤ ወንበር ሳብሁ።