ቁስሌን አታርክሱብኝ

ከባድ ጌም የጨረሰ ሰው ክብር ይገባዋል። አውቶቡስ ውስጥ ወንበር ይለቀቅለት፤ ሰርግ ላይ ከሽማግሌዎቹ ተርታ ይቀመጥ፤ ስሙ ሲጠራ «ሲልክሶንግን የጨረሰው» ተብሎ ይጠራ። ይህን የማይቀበል ካለ ይህን ጽሑፍ ማንበብ አይገባውም፤ ለነገሩ ማንም ቢሆን ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ከመሻገሩ በፊት ሃምሳ ጊዜ ሞቶ መመለስ ነበረበት።

እነዚህ ጀግኖች እ.ኤ.አ. በ2025 የደረሰባቸውን በደል ዓለም በቸልታ አልፎታል። አዴሌይድ በምትባል የአውስትራሊያ ከተማ ቲም ቼሪ የሚባሉ፣ በጣት የሚቆጠሩ ጌም ሠሪዎች አሉ። በ2017 ያወጡት ሆሎው ናይት ተወደደላቸው። ተከታዩን ሲልክሶንግን በ2019 አስተዋውቀው፣ ሰውን ከስድስት ዓመት በላይ ደጅ አስጠንተው፣ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2025 በ20 ዶላር ለቀቁት። የዕለቱ ገዢ ብዛት ስቲምን ጨምሮ ትልልቆቹን የጌም መደብሮች አንገዳገዳቸው። ለግዢ እንዲህ መጋፋት ግን ገና ፈተናው አልነበረም።

የሲልክሶንግ አገር የተሳላሚዎች አገር ነው። ገንዘቡ የመቁጠሪያ ዶቃ ነው። መርፌ የታጠቀችው የጌሙ ባለ ታሪክ ሆርኔት ደክሟት አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ልትል ስትጠጋ፣ አንዳንዱ ወንበር አስቀድሞ ዶቃ ይጠይቃታል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ከብዙ መከራ በኋላ የተገኘው ወንበር ራሱ ወጥመድ ነው፤ ስትቀመጥበት ይወጋታል። እዚህ ላይ እኔም ሳቄን አልቻልኩም፤ ሠሪዎቹ ቀልድ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያ ላስት ጃጅ የተባለውን ዳኛ ለመግጠም በሞቱ ቁጥር ረጅም መንገድ በዝላይ መመለስ አለ። ተመልሰው፣ ታግለው፣ ዳኛውን ሲጥሉት ፈንድቶ ይጎዳል። ከሞተ በኋላም ፍርድ የሚያስፈጽም ዳኛ በየት አገር ይገኛል?

እንግዲህ የተበደሉትን የሚያስቆጣው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሃያ ዶላር የከፈሉ ሰዎች ሐሳብ ሰጡ! አንዱ ሂሳብ ሠራ፦ ሆርኔት የነፍሷ መለኪያ የሆነ አምስት ጭምብል ይዛ ትጀምራለች፤ ብዙ ጠላት በአንድ ምት ሁለት ይወስዳል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ምት ትሞታለች። ተጫዋቹ በየጥጋጥጉ አራት ስባሪ ፈልጎ፣ ገጣጥሞ፣ ስድስተኛ ጭምብል ያገኛል። ሁለት ከሚወስደው ጠላት ፊት ሲቆም ታዲያ? አሁንም በሦስተኛው ምት ይሞታል። ያ ሁሉ ድካም እዚያ ቦታ ላይ ምንም አልጨመረለትም። ሰውዬው የጠየቀው ይህንን ነው፤ ጥያቄው ስድስት ለሁለት ሲካፈል የሚገኝ ነገር እንጂ የእምነት ጉዳይ አልነበረም። የከባድ ጌም ጠበቆች ግን ወጥመዱ ወዲያው ገባቸው፤ በስድስትና በሁለት ሂሳብ ላይ መልስ ሊሰጡ አልወረዱም። «ጎብዝ!» አሉት። ለማንኛውም ጥያቄ የሚሆን መልስ ይዞ መዞር እንዴት ያለ በረከት ነው።

በመካከሉ እውነተኛ ልግመኛ እንደማይጠፋ አልክድም። ሁለት ሰዓት ተጫውቶ፣ የመጀመሪያው ኮረብታ ላይ ወድቆ፣ ጌሙ ከሥሩ ተነቅሎ ለእሱ እንዲተከልለት የሚሻ አለ። እሱን ግን ማንም አልሰማውም፤ ሠሪዎቹም አልሰሙትም። ጠበቆቹ ግን ልግመኛውንና ሂሳብ የሠራውን በአንድ ገመድ አስረው ሰደቧቸው፤ መለየት ጊዜ ይፈጃል፤ እነሱ ደግሞ ጊዜያቸውን በዝላይ መመለሻው መንገድ ላይ ጨርሰዋል።

ጠበቆቹ ከፍ ያለ ሙግትም ነበራቸው። የሠሪው ራእይ ቅዱስ ነው፤ ነጥብ አይጨመርበት፣ ነጥብ አይቀነስበት። ቲም ቼሪ ያሰበው ይህንን ነው፤ ማን ነህና ታርመዋለህ? እኔ በዚህ ክርክር በእውነት ተረትቼ ነበር። ችግሩ ቲም ቼሪ ክርክሩን አልሰማም። በእኛ አቆጣጠር ጌሙ የወጣው ነሐሴ 29 ነው፤ ጳጉሜን ሳታልቅ ሠሪዎቹ ማስተካከያ እንደሚያመጡ አስታወቁ። ሙርዊንግ እና ሲስተር ስፕሊንተር የተባሉት የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ባለ ጉልበቶች ትንሽ ይለዝባሉ። የመሃሉ ክፍል የወንበርና የመጓጓዣ ዋጋ ትንሽ ይቀንሳል። ከቅርስ ሽያጭ የሚገኘው ዶቃ ትንሽ ይጨምራል። ዋና ዋናው ይህ ነበር። ላስት ጃጅ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ ወጥመዱ ወንበርም እንደተወደረ ነው።

ዋይታው ያን ጊዜ ነው። ቅዱስ የተባለው ራእይ ባለቤቱ ሲነካው ርኩስ ሆነ። ትናንት «ሠሪው ያውቃል» ሲሉ የነበሩት ዛሬ ሠሪው ምን ማወቅ እንደነበረበት ሊያስተምሩት ተነሱ፤ ይህም፣ ስም ማውጣት አይሁንብኝና፣ ሐሳብ መስጠት ነው። በሙርዊንግ የተደበደበ ሰው ለካ ሙርዊንግ እንዳይለዝብ የሚሟገተው ለቲም ቼሪ ጥበብ አልነበረም። እሱ ያለፈበትን የሚያልፍ ሁሉ እሱ የቀመሰውን እንዲቀምስ ነው። በኩርኩም ፊደል የቆጠረ ሁሉ፣ ልጁ ሳይኮረኮም «ሀ ሁ» ሲል ቢሰማ የራሱ ፊደል የሚጠፋበት ይመስለዋል።

ከዚህ የሚብሰው የሞድ፣ ማለትም ተጫዋቾች ጌሙን የሚቀይሩበት ጭማሪ፣ ጉዳይ ነው። አንዳንዱ ተጫዋች በገዛ ኮምፒውተሩ፣ በገዛ ክፍሉ፣ ሁለት ጭምብል የሚወስደውን ምት ወደ አንድ የሚያወርድ ሞድ ጫነ። ጎረቤቱ አላየውም፤ ውድድር የለም፤ ሽልማት የለም። ሆኖም ዓለምን ዞሮ የሚጠብቅ አይን ያላቸው ጠበቆች ይህም አላመለጣቸውም። በማያውቁት ሰው መኝታ ቤት ውስጥ የሚፈጸም ቅለት እንቅልፍ ይነሳቸዋል።

ሌሎች ሠሪዎችም ቢሆኑ እንደ ጠበቆቹ ልብ አልሆኑም። ካናዳዊው ከፕሄድ፣ በ2017፣ ቀላል አማራጭ አስገብቶ በዚያ የተጫወተውን ግን ከመጨረሻው ባላጋራ ከሰይጣን ፊት አላቀረበውም፤ ሰይጣንን ለማየት ከባዱን መንገድ መሄድ ግድ ነው። ይህ ለጠበቆቹ ጥሩ ነበር። በ2018 የመጣው ሴሌስት ግን ፍጥነቱን መቀነስ፣ ጭራሽ አለመሞት የሚፈቅድ የእርዳታ አማራጭ ከፈተ፤ የፈለገ ደግሞ አንዴ ሳይሞት ምዕራፍ እየጨረሰ ወርቅ እንጆሪ ይለቅማል። ሄዲስ በ2020 ጭራሽ የሞት ካሳ መክፈል ጀመረ፦ የእርዳታ አማራጩን ያበራ ተጫዋች ጉዳቱ ሃያ በመቶ ይቀነስለታል፤ በሞተ ቁጥር ሁለት በመቶ ይጨመርለታል። ከዚህ ሁሉ ጥፋት በኋላ ከባዱን የሚወዱ ሰዎች አሁንም ከባዱን መጫወታቸው ሊገለጥልኝ ያልቻለ ምሥጢር ነው።

ስለዚህ ለተበዳዮቹ ካሳ እጠይቃለሁ። ከማስተካከያው በፊት ሙርዊንግን የጣለ ሁሉ በአርበኛነት ይመዝገብ፤ ቀንና ሰዓት ያለው ማስረጃ ያቅርብ፤ በየዓመቱ ጳጉሜን ውስጥ መርፌውን ታጥቆ ሰልፍ ይውጣ። ከማስተካከያው በኋላ የጣለው ከሰልፉ ኋላ፣ ባዶ እጁን ይሂድ። ቤቱን ዘግቶ ሞድ የጫነና ወጥቶ «ጎብዝ!» የሚል ደግሞ አለና፣ ቁጥሩም እንደምጠረጥረው ትንሽ አይደለም፤ እሱ የውስጥ አርበኛ ተብሎ ለብቻው ይመዝገብ።