ተራራ ወጪ እና የተራራ ወጪ

ሽቅብ ስኪ ማለት በረዶ የለበሰን ተራራ በራስ እግርና በራስ ትንፋሽ ወጥቶ፣ ከጫፉ ቁልቁል ተንሸራቶ መመለስ ነው። የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ ተረከዝን ለቀቅ የሚያደርግ ማሰሪያ ያለው ስኪ፣ ሁለት ምርኩዝ፣ ከስኪው ሥር የሚለጠፍ ጠጉራም ጨርቅ፣ የማይከዳ ጉልበት። ጨርቁ ዛሬም “ቆዳ” እየተባለ ይጠራል፤ ጥንት ሲል ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ይሠራ ስለነበር ነው። አሁን የሚሠራው ከአንጎራ ፍየል ጠጉር ወይም ከናይለን ነው። ጠጉሩ ወደ ኋላ የተኛ በመሆኑ ስኪው ወደ ፊት ሲገፋ ልስልስ ብሎ ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ልንሸራተት ሲል ግን ይቆምና በረዶውን ይነክሳል። ሰውየው ጫፍ ሲደርስ ጨርቁን ላጥ አድርጎ ያነሳል፣ ሙጫው በረዶ እንዳይነካው ለሁለት ያጥፈዋል፣ ጃኬቱ ውስጥ ይወሽቀዋል፣ ይወርዳል። በ2006 የቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም የተወዳደረበት አገር አቋራጭ ስኪ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እዚያም አቀበቱን የሚገፋው ተወዳዳሪው ራሱ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሞተር የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም፣ ወረፋ የለም። ሒሳብ ግን አለ።

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሽቅብ መውጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ማንሻው ነው። አሜሪካ ውስጥ የስኪ ተጫዋችን በገመድ ጎትቶ አቀበት የሚያወጣ የመጀመሪያው መሣሪያ የተተከለው በ1934፣ በቬርሞንት ግዛት ዉድስቶክ ነው። በ1936 ደግሞ ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ በአይዳሆ ግዛት ሰን ቫሊ ላይ የመጀመሪያውን የወንበር ማንሻ አቆመ። ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ ጀምስ ከረን ሐሳቡን ያገኘው የሙዝ ዘለላ መርከብ ላይ ከሚጭን መሣሪያ ነበር፤ ሙዙን አወረደና ሰው ሰቀለበት። ማንሻ ከመምጣቱ በፊት መውረድ የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ ይወጣ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በኮሎራዶ ካምፕ ሄል የሠለጠኑት የ10ኛው የተራራ ክፍለ ጦር ወታደሮችም ከባድ ጓዝ ተሸክመው፣ ቆዳ ለጥፈው ነው ተራራውን የለመዱት። ከእነርሱ አንዱ፣ ፒት ሳይበርት፣ በ1962 ቬይል የተባለውን የስኪ ሥፍራ ከመሠረቱት ሰዎች ዋነኛው ሆነ። ዛሬ ቬይል ላይ ሰው በሚበዛበት ቀን የአንድ ቀን የማንሻ ትኬት በመስኮት የሚገዛ ሰው ከ300 ዶላር በላይ ይቆጥራል። ሙዝ በዚህ ዋጋ አይጫንም።

ተራራው የማን ነው የሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው። በአሜሪካ ምዕራብ ያሉት ትልልቅ የስኪ ሥፍራዎች አብዛኞቹ የተተከሉት በብሔራዊ ደን ላይ፣ ማለትም በሕዝብ መሬት ላይ ነው። በመላ አገሪቱ እንዲህ ያሉት 122 ሲሆኑ፣ በኮሎራዶ ዋይት ሪቨር ደን ውስጥ ብቻ 11 ይገኛሉ። የ1986ቱ የስኪ ፈቃድ ሕግ ኩባንያዎቹ መሬቱን እስከ 40 ዓመት እንዲይዙት ይፈቅዳል። ይይዙታል እንጂ አይገዙትም። የድሮ ሰው ውሉን ቢያይ ሕዝቡን ባለርስት፣ ኩባንያውን ጭሰኛ ይለው ነበር። ልዩነቱ የድሮው ጭሰኛ ከምርቱ እርቦ ወይም ሲሶ ለባለርስቱ ይገብር እንደነበረ፣ ይህኛው ግን በ1996ቱ ሕግ መሠረት ከተሰላው ገቢው ከመቶ 1.5 እስከ 4 እጅ ብቻ መክፈሉ ነው። ሌላም ልዩነት አለ። የድሮው ጭሰኛ ባለርስቱ ማሳው ላይ ሲራመድ ደረሰኝ አይቆርጥለትም ነበር።

ሽቅብ ወጪን የማስከፈሉ አሠራር የተስፋፋው በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ነው። በመጋቢት 2020 የኮሎራዶ አስተዳዳሪ ጃረድ ፖሊስ የስኪ ሥፍራዎች እንዲዘጉ አዘዙ። ማንሻዎቹ ቆሙ፤ ወንበሮቹ በነፋስ እየተወዛወዙ ባዶ ቀሩ። በረዶው ግን የሥራ ማቆም ትእዛዙ ስላልደረሰው መውረዱን ቀጠለ። ሰዉ ቆዳውን ለጥፎ ሽቅብ ተመመ፤ በቀጣዩ ወቅትም የሽቅብ ስኪ ዕቃ በየሱቁ እንደ ትኩስ ዳቦ ተሻማ። ኩባንያዎቹ አንድ አሳሳቢ ነገር አስተዋሉ፦ ተራራው ያለ እነርሱም ይወጣል።

ከዚያ በፊትም የሚያስከፍሉ አልጠፉም፤ ስመ ጥሩው የኮሎራዶ ስኪ ኩባንያ አስፐን ግን በ2021–22 ወቅት ነው የተቀላቀለው። ለአንድ ወቅት የሽቅብ ፓስ 69 ዶላር ተመነ፤ ከዚያም ላይ 10 ዶላሩ ለአካባቢው የተራራ ነፍስ አድን ቡድን እንዲሰጥ አደረገ። የኩባንያው አራት ተራሮች ከፊሉ በግል መሬት፣ ከፊሉ በዋይት ሪቨር ደን ላይ ናቸው። ከአራቱ ሽቅብ ወጪዎች የሚያዘወትሩት በተርሚልክ የሚባለውን ነው። የተራራው ግርጌ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙ አይርቅም፤ ጫፉ ከ3,000 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ገና ሳይነጋ፣ የግንባር ባትሪ ያሰሩ ሰዎች ተራ በተራ ይወጣሉ፤ የሚሰማው የጨርቁ ሽር ሽር እና ትንፋሽ ብቻ ነው። ከሚወጡት አጠገብ የማንሻው ወንበሮች በረዶ ተሸክመው ቆመዋል። ማንም አልተቀመጠባቸውም፤ የተከፈለው ግን ስላልተቀመጡባቸው ነው። ሌላው ዓለም ለመሳፈር ትኬት ይቆርጣል። ይህ የአለመሳፈር ትኬት ነው። አማርኛ ተራራ የሚወጣውንም ሰው፣ ከኪስ የሚወጣውንም ገንዘብ “ወጪ” ይለዋል፤ ኩባንያዎቹ ቋንቋውን ሳይማሩ ሁለቱን አንድ ማድረጋቸው የሚደነቅ ነው።

የድሮ ኬላ እንኳ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ነበረው፤ የሚቀረጠው ጭነት ያለው ነጋዴ ነበር። እዚህ የሚቀረጠው ባዶ እጁን የሚያልፈው ነው። በብዙ ሥፍራ ፓሱ ክንድ ላይ ይታሰራል፣ ከሩቅ ይታይ ዘንድ። ፓሱን ያሰረም ቢሆን በፈለገው ሰዓት በፈለገው በኩል አይወጣም፤ ብዙዎቹ የሚፈቅዱት በተመረጠ መንገድ፣ ማንሻው ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ካቆመ በኋላ ነው። በነጻ ፈቅደው መመዝገብ ብቻ የሚጠይቁ ሥፍራዎችም አሉ፤ እነዚህ ገና ያልሠለጠኑት ናቸው።

ኩባንያዎቹ ለክፍያው ምክንያት አያጡም። የመኪና ማቆሚያ አለ፣ መጸዳጃ አለ፣ የተደለደለ በረዶ አለ፣ ደኅንነት አለ። ማቆሚያው የመኪና ጉዳይ ነው፤ በአውቶቡስ የመጣውም ሰው ግን ያው ፓስ ይጠየቃል። ድልዳላው ለባለ 300 ዶላሩ ደንበኛ ተብሎ ሌሊቱን የሚሠራ ነው፤ በጠርዙ በኩል ጥግ ይዞ አንድ ሰው ወጣ አልወጣ የሚቃጠለው ናፍጣ ያው ነው።

ደኅንነቱ ግን ቀልድ አይደለም። ቁልቁለቱ ሲበረታ በረዶ ደልዳዩ ከባድ መኪና ብቻውን አይችለውም፤ ከላይ መልሕቅ ይይዝና በዊንች፣ አንዳንዴ ኪሎ ሜትር በሚደርስ የብረት ገመድ እየተጎተተ ይሠራል። ገመዱ ረግቦ በረዶ ሥር ይተኛል፤ መኪናው ሲስበው ድንገት ተነስቶ ይወጠራል። በጨለማ መንገዱ ላይ የተገኘን ሰው ሊቆርጠው ይችላል። ንጋት ላይም የጥበቃ ሠራተኞች በረዶው ተከምሮ ናዳ እንዳይሆን በፈንጂ ቀድመው ያፈርሱታል። በእነዚህ ሰዓታት ተራራውን መዝጋት ተገቢ ነው፤ ማንም አይከራከርም። የሚያከራክረው ገመዱ ፓስ የገዛውን ካልገዛው መለየት መቻሉ ነው። ሰውን ከገመዱ የሚያድነው የተዘጋ መንገድ፣ የተለጠፈ ሰዓት እና ዛሬ የትኛው ክፍት እንደሆነ የሚነግር ስልክ ነው። ይህን በነጻ የሚያደርጉት ሥፍራዎችም ያደርጉታል። 69 ዶላሩ ገመዱን አንድ ስንዝር አያርቀውም።

ወደ ሕጉ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። ኮንግረስ በ2004 ያወጣው የፌዴራል መዝናኛ መሬቶች ሕግ፣ ተቋም ሳይጠቀሙ በሕዝብ መሬት በእግራቸው የሚያልፉ ሰዎችን ማስከፈል ይከለክላል። የደን መሥሪያ ቤቱ በአሪዞና ማውንት ሌመን ላይ 5 ዶላር ሲጠይቅ ተጓዦች ከሰሱት፤ በ2012 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መኪናውን አቁሞ፣ ምንም ሳይጠቀም የሚሄድን ሰው ማስከፈል አይቻልም ብሎ ፈረደላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በዋሽንግተን የሚያስችል ሌላ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ያ ሕግ የሚያስረው መንግሥትን ነው፣ የመዝናኛ ሥፍራዎችን በኮንትራት የያዙትን ድርጅቶች አይደለም አለ። ጉዳዩ ስለ ስኪ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አልባከነም። የሕዝብ መሬት ጠባቂ የሆነው መሥሪያ ቤት ተጓዡን 5 ዶላር መጠየቅ አይችልም፤ ተከራዩ ግን 69 ጠየቀ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም የሚባለው እዚህ አይሠራም፤ አጥሩ ራሱ ደረሰኝ ይቆርጣል።

ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ማስላትም አይከብድም። በከፍተኛው የ4 እጅ ተመን እንኳ ቢታሰብ፣ ከአንድ የ69 ዶላር ፓስ ለሕዝቡ የሚደርሰው ቢበዛ 2 ዶላር ከ76 ሳንቲም ነው። ባለርስቱ በገዛ ርስቱ ለመሄድ 69 ይከፍላል፤ 2.76ቱ ይመለስለታል። የ1996ቱ ሕግ ሌላም ጉድ አለው። ከማንሻ ትኬት የሚገኘውን ገቢ የሚያካፍለው ከማንሻው አገልግሎት ስንት እጁ የሕዝብ መሬት ላይ እንደሚውል በመስፈር ነው። ሕግ አውጪዎቹ የተራራ ገቢ ሲያስቡ የታያቸው ወንበር፣ ገመድ እና ተሳፋሪ ነበር። ሳይሳፈር የሚከፍል ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ አስፐን ይህን የመሰለ ሰው ለማግኘት 25 ዓመት መጠበቅ አስፈለገው።

መርሁ በተራራ ብቻ ተወስኖ ቢቀር ያሳዝናል። ፎቅ ያለው ሰው ሊፍቱን ትቶ በደረጃ ለሚወጣ እንግዳ የደረጃ ፓስ ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ደረጃውም እኮ ይጠረጋል፣ መብራትም አለው። ምግብ ቤቶች በራፋቸው ላይ ቆሎ እየቆረጠመ ለሚያልፍ ሰው የአለመብላት ሒሳብ ቢያቀርቡ ሽታው ያለ ክፍያ አይሸትም። ታክሲ አጠገቡ እያለፈ በእግሩ የሚሄድ ሰውም እስከ ዛሬ ምን ያህል እንዳተረፈ ሲታሰብ፣ ያልተጠየቀው በቸልታ ነው።

ከስኪ ሥፍራው የድንበር ገመድ ውጭ ያለው ያው ደን፣ ያው በረዶ፣ ያው የሕዝብ መሬት ነው። እዚያ ለመውጣት ክንዱ ላይ ፓስ የሚያስር የለም። እዚያ ናዳውን ቀድሞ የሚያፈርስም የለም፤ የሚደለድልም፣ የሚጠብቅም የለም። ብዙ ሽቅብ ወጪዎች ወደ ስኪ ሥፍራው የሚመጡት ናዳውን ፈርተው ነው። በደኅንነት ስም የተቆረጠው ሒሳብ መክፈል ያልቻለውን ሰው የሚልከው ወደዚያው፣ ወደ ናዳው ነው።