ድስቱ ላይ፣ ክዳኑ ታች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው እድራችን ከእኔ ጋር ያለው ዋና ጉዳይ ከሞትኩ በኋላ የሚጀምር ነው። እስከዚያው መዋጮዬን ይቀበላል፣ ስቀር ይቀጣኛል፣ በትዕግሥት ይጠብቀኛል። አፎሻ የሚባለው መረዳጃ ማኅበር ግን እንዲህ አይደለም፤ ከቀብርም ከሠርግም አይቀርም። የሐረሮቹን አፎሻማ ፒተር ኮን እና ሲድኒ ዋልድሮን በ1978 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጽፈውለታል። እኔ ያየሁት ግን ከድሬ ወጣ ብሎ በደንገጎ ግርጌ፣ ሁለት መንደሮች በጋራ ያቋቋሙትን የገበሬ አፎሻ ነው። ቲማቲም የሚያመጣልን አዛውንት ልጁን ሲድር ጠርቶኝ። (አዛውንቱን አንተ ማለቴን ድሬዎች ይረዱልኛል፤ እኛ ዘንድ አንቱታ እንደ ብርድ ልብስ ነው፣ እምብዛም አያስፈልግም።)

የአፎሻው ትልቁ ንብረት አንድ ድስት ነው። ድስት ስላችሁ የቤት ድስት እንዳይመስላችሁ፤ ፍየል ከነቀንዱ ያስተኛል። ድሮ ድስቱም ክዳኑም ላይኛው መንደር ይቀመጥ ነበር። የታችኞቹ ሠርግ ሲደርስ ታዲያ ድስቱ ሁልጊዜ «ታጥቦ አልደረቀም»። በዚህ በድሬ ፀሐይ! ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፈረዱ፦ ድስቱ ላይ ይቆይ፣ ክዳኑ ታች ይውረድ። የሠርግ ሩዝ ያለ ክዳን አይሆንምና ከዚያ ወዲህ አንዱ መንደር ሌላውን ሳይጠራ የሚድረው ልጅ የለም። ክዳን አምጣ ተብሎ የተላከ ጎረምሳ ቡና ይጠጣል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ማን እንደወለደች ይሰማል፤ ሩዙ ይጠብቃል። መንደሮቹን የሚለያቸው የደረቅ ወንዝ አሸዋ ነው። አሸዋ ብላችሁ አትናቁት፤ የድሬው ወንዝ ደቻቱም በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ድሬን እስኪያስለቅስ ድረስ አሸዋ ነበር። ጎርፍ በወረደ ቀን ክዳን አይሻገርም፤ ሙሽራውም እንደ ሩዙ ይጠብቃል።

ከሠርጉ በኋላ ሒሳብ ሲተሳሰቡ አብሬ ተቀመጥኩ። ሒሳቡ ቶሎ አለቀ፤ ክዳኑን ማን አጎበጠው የሚለው ግን ቀኑን ፈጀው። እኔ ደግሞ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ከተማዬን በ1895 የቆረቆራት ባቡር ስለሆነ ችግር ሲገጥመን ዕቃ ማስመጣት ይቀናናል። «ለምን ሌላ ድስት ከነክዳኑ አትገዙም?» አልኩ።

ሁሉም ዝም አለ። አዛውንቱ ጫቱን ወደ ጉንጩ ገፋ አድርጎ፣ «አቦ ተወን! ከዚያ ወዲያ በምን እንጣላ?» አለኝ። ጸሐፊው ደግሞ ሳይፈቀድልኝ በመናገሬ ቅጣት ጻፈብኝ። አባል አይደለሁም ብዬ ብከራከር ቀና ሳይል፣ «መጀመሪያ የመመዝገቢያውን ክፈል፤ እዚህ ይግባኝ የሚለው አባል ብቻ ነው» አለኝ።