ዘመድ ቤት ማረፍ ስንት ያስወጣል?

ኪሱ የሳሳ መንገደኛ ከሆቴል ይልቅ ሰው ቤት ቢያርፍ ይቀለዋል የሚሉ ሰዎች ሒሳቡን እስከ መጨረሻው አልሠሩትም። አልጋው ነፃ ነው። ምግቡም ነፃ ነው። ግን ባዶ እጅ አይኬድም። ሐረሬው ጓደኛዬ «አክስቴ ቤት ነው የምታርፈው፤ ሆቴል ብትይዝ ወላሂ ሁለተኛ አላናግርህም» ብሎ ከማለብኝ ሰዓት ጀምሮ ጭንቀቴ ምን ይዤ ልግባ የሚል ሆነ። ቡና እንዳልወስድ፣ የምሄደው ሐረር ነው። ሙዝ እንዳልይዝ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተንገጫግጦ የሚተርፈው ልጣጩ ብቻ ነው። ስኳር ገዛሁ፣ ሳሙና ገዛሁ፣ ለአክስትየዋ ሻሽ፣ ለባለቤታቸው ሽርጥ፣ ለልጃቸው ኳስ ጨመርኩ። ደምሬ ሳየው በዚያ ብር አንዱ መለስተኛ ፔንሲዮን ውስጥ እግሬን ዘርግቼ እሰነብትበት ነበር።

አውቶቡሱ አዋሽን፣ አሰበ ተፈሪን፣ ቁልቢን አሳልፎ አወዳይ ሲደርስ ተሳፋሪው ለጫት ተራወጠ፤ ከዚያ ወዲያ ሐረር ቅርብ ናት። ጓደኛዬ በስልክ በነገረኝ ምልክት እየተመራሁ በሸዋ በር በግንብ ወደ ታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ወደ ጀጎል ገባሁ። በሩ ላይ አንድ አስጎብኚ ቦርሳዬን አይቶ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስላሠሩት ግንብ፣ ስለ 82ቱ መስጊዶች፣ ከተማዋ በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ስለ መሆኗ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝና ዋጋ ጠራ። «ዘመድ ቤት ነው የማርፈው» አልኩት ኮራ ብዬ። አዘነልኝ። ለምን እንዳዘነልኝ ያን ጊዜ አልገባኝም።

አክስትየዋን፣ አዴን (ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው) በር ላይ አገኘኋቸው። «እንደምን ዋሉ እርስዎ?» ብዬ እጅ ስነሣ፣ «ምን ያለ እርስዎ ነው አቦ! አርጅተሻል ልትለኝ ነው?» አሉ። ፊት ለፊት ስንነጋገር አንቺ ብያቸዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ብዕሬ አልደፈረም።

የሐረሪ ቤት ሳሎን ወንበር አያውቅም። ከወለሉ ከፍና ዝቅ እያሉ የተሠሩ ነደባ የሚባሉ መደቦች አሉ፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ደግሞ ከጥንት የተወሰነ ነው። አሚር ነደባ የአባወራው ነው። እኔ ከሳቸው አጠገብ፣ ሰፊው ጊዲር ነደባ ላይ፣ በትራስ ተደግፌ ተሰየምኩ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር ተቀብቷል። ቀዩ ለምን እንደሆነ ብጠይቅ፣ አባወራው በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ሲዋጉ ለወደቁት የሐረር ሰዎች መታሰቢያ ነው እንደሚባል ነገሩኝ። ቀጥለውም ቀስ ብለው «አንተ ከአዲስ አበባ ነህ አይደል?» አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ሳምቡሳዬን ገመጥኩ። እሳቸው ሳቁና ሌላ ሳምቡሳ አስጨመሩልኝ። ከዚያ ሹርባ መጣ፣ ከዚያ ፈጢራ፣ ከዚያ ከቡና ገለባ የሚፈላው ሐሸር ቀሕዋ። በቃኝ ማለት አይሰማም።

እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ኋላ ጨርቅ ነው ይላሉ አበው። እኔ ወርቅ ሆኜ ያደርኩት በዚያች ሌሊት ነው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ብር ስወርድ ከጊዲር ነደባ ወደ በሩ ጥግ ተዛውሬ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። አዴ አስበውበት አይመስለኝም፤ ሽንኩርቱም እኔም እዚያው ስለነበርን ነው። እኔም እያነባሁ ላጥኩ። ነገሩን የሚያውቅ ይህን ከማዕረግ መውረድ አይለውም፤ ቤተኛ መሆን ይለዋል።

ከሰዓት በኋላ የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤትና የሸሪፍን ሙዚየም ለማየት አስጎብኚ ልፈልግ ስነሣ አዴ ተቆጡ። «ለመንገድ ብር ልትከፍል? ልጁ ያሳይሃል፤ እግረ መንገዳችሁን ደግሞ ዱቄቱን ታመጣላችሁ።» አገሬን ያየሁባት ያቺ «እግረ መንገድ» ናት።

ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ጀጎልን እንደ ኪሱ ያውቃታል፤ የሚያውቃት ግን በመልእክት ነው። መጀመሪያ ልብስ ሰፊዎቹ የተደረደሩበት ማኪና ግርግር ወስዶ የእናቱ ቀሚስ ይጠብ አይጠብ ከሰፊው ጋር ሲከራከር አቆመኝ። ከዚያ ለአክስቱ ስፌት ሊመልስ ሰንጋ በር አካባቢ ይዞኝ ገባ፤ እዚያም ነደባ፣ እዚያም ሐሸር ቀሕዋ። ከዚያ ጊዲር መጋላ፣ ሥጋ ተራ። «ፌስታሉን ደረትህ ላይ ያዝ» አለኝ ሥጋውን ሲያስጨብጠኝ። ለምን ሳልለው ጣሪያው ላይ ተደርድረው ያሉትን ጭልፊቶች በአገጩ አሳየኝ። ከፊታችን አንዲት ሴት ዘንቢሏን ሸፈን ሳታደርግ ሁለት እርምጃ እንደተራመደች አንዱ ጭልፊት ክንፉን አጥፎ ወረደ፤ ነፋሱ ፊቴን መታኝ፤ ቁራጩ በጥፍሩ እንደተንጠለጠለ ጣሪያው ላይ ተመለሰ። ሴትየዋ አልደነገጠችም። «ውሰድ፣ ድርሻህ ነው» ብላው ዘንቢሏን ሸፍና ሄደች።

ዱቄቱ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ከረጢቱን ትከሻዬ ላይ አድርገን ወጣን። በአንዱ ቀጭን መተላለፊያ ላይ ልጁ፣ የተጣሉ ሰዎች እዚህ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ አይተላለፉም አለኝ። እኔና አንድ ሽማግሌ ሳንጣላም ተነጋገርንበት፤ ክርክሩ ማን ወደ ኋላ ይመለስ የሚል ነበር። ዱቄት የያዘ ያልፋል ተባለ፤ አለፍኩ።

ፈረስ መጋላ ስንደርስ የትናንቱን አስጎብኚ አየሁት። እሱም አየኝ። ዓይኑ ከከረጢቱ ላይ ተንሸራቶ ከኋላዬ ወደሚመጡት ፈረንጆች ሄደ። አንዲት ባለሱቅ ግን አስተዋለችኝ፤ «ኩሊ! ይህን ስኳር ሸዋ በር ድረስ በስንት ታደርስልኛለህ?» ብላ ጠራችኝ። ማን እንደሆንኩ ላስረዳ አፌን ስከፍት ልጁ ቀደመኝ፤ «በመቶ» አለ። በሃምሳ ተስማሙ። በሁለት ትከሻ ዱቄትና ስኳር ተሸክሜ በትናንትናው በር ወጣሁ። ልጁ ሃያውን የድለላ ቆርጦ ሠላሳውን ሰጠኝ። በዚያ ሙሸበክ ገዝተን ቆመን በላን። እንግዲህ እኔ የማውቀው አገር ጎብኚ ሁሉ ከከተማ ሲወጣ ከስሮ ነው፤ እኔ ሐረር ላይ ገቢ አለኝ።

የራምቦ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ባለፎቁ የእንጨት ቤት፣ ባለቀለም መስታወቱ፣ ሁሉም ያምራል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ግጥሙን እርግፍ አድርጎ ትቶ በ1873 ዓ.ም. ሐረር የገባው ለቡና ነጋዴ ኩባንያ ሊሠራ ነው። ቤቱን ያሠራው ግን ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ራምቦ አንድም ሌሊት አላደረበትም የሚሉ አዋቂዎች ብዙ ናቸው። «እንግባ?» አልኩት። «ዱቄቱን አዴ ትጠብቃለች፤» አለ ልጁ፤ «ውስጡ ደግሞ ፎቶ ነው።» ሰውየው ያላደረበትን ቤት እኔም ሳልገባበት ተመለስን።

ማታ፣ ቱሪስቱ ከግንቡ ውጭ ከፍሎ የሚያየውን የጅብ ምገባ አነሣሁ። ልጁ ሊያምነኝ አልቻለም። «ለጅብ? ብር?» አለ። በሩን ገርበብ አድርጎ አጠገቤ ተቀመጠ። ሐረሮች በግንቡ ሥር ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ ትተውለታል፤ ሌሊት ገብቶ የመንገዱን ትርፍራፊ ጠርጎ ይወጣል። ብዙም ሳንቆይ አንዱ መጣ። ትከሻው ከፍ፣ ወገቡ ዝቅ ያለ፣ ጥላው ከግድግዳ ግድግዳ የሚሞላ። ዞር ብሎም አላየን። «ሁልጊዜ በዚህ ነው የሚያልፈው» አለ ልጁ እያዛጋ፣ ሥራ አድሮ ስለሚገባ ጎረቤት የሚያወራ ይመስል።

ስሰናበት አዴ ቡና፣ በርበሬና አንድ የተሰፋ ሳህን አሸከሙኝ። ከወሰድኩት ይበልጥ ስለነበር ሒሳቡ እንደገና ተበላሸ፤ ለሚቀጥለው ምን ይዤ እንደምሄድ ከአሁኑ እያሰብኩ ነው።

ሐረር ውስጥ ዘመድ፣ ወይም የወዳጅ ዘመድ ያላችሁ፣ ሆቴል አትፈልጉ። ሙዚየሙንና የራምቦን ቤት ግን በደረሳችሁበት ቀን ጨርሱ፤ ገና ወርቅ ሳላችሁ።