ሰንዳፋ ላይ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ለመግዛት ላሰቡ የቀረበ ምክር

ሰንዳፋ የሚኖሩ ባለመኪና ከሆኑ፣ ሊብሬው ላይ ያለው ስም የእርስዎ ቢሆንም መኪናዋ የሰፈሩ መሆኗ አይጠፋዎትም። ሌሊት ምጥ የያዛት ጎረቤት ታስጠራዎታለች። ጠዋት የአክስትዎ ልጅ ከአለልቱ የሚመጣ ሁለት ኩንታል ጤፍ አለኝ ይላል። ቅዳሜ የዕድሩ ድንኳንና ወንበር ይጫናል፣ እሁድ ቀብር አለ፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ በግ ያልጫነ መኪና የለም። «ወደ አያት ነዎት?» የሚልዎት ሰው መልስ አይጠብቅም፤ አፉን ከመክፈቱ በፊት በሩን ከፍቷል።

መድኃኒቱ አንድ ነው። ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ይግዙ።

ነጠላ ጋቢና ፒክአፕም እኮ ሁለት ወንበር አለው ብለው እንዳይታለሉ። በወረቀት እውነት ነው። በተግባር ግን ጋቢናው ሦስት ሰው ይይዛል፣ አራተኛው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፣ ከኋላ ደግሞ አሥራ ሁለት ሰው ከነወይፈኑ ቆሟል። እኔ የምመክርዎት ኋላ የሚባል ነገር የሌላትን ነው። ጣሪያዋ ይታጠፋል፤ ዕቃ መጫኛዋ ለሁለት ቀን ልብስ ይበቃል፤ ኩንታል አያስገባም። ይህን ለገዢ እንደ ጉድለት የሚነግሩ አሉ። ጉድለት አይደለም፣ ዋናው ጥቅሟ ነው።

በዓለም ላይ በብዛት የተሸጠችው ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና የጃፓኗ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ ላይ ታየች፣ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠራች። የሠሯት ሰዎች ዓይናቸውን የጣሉት በ1960ዎቹ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ነበር፤ በተለይ በሎተስ ኤላን። የእንግሊዞቹ ቀላልና ቆንጆ ነበሩ፤ ችግራቸው የቆሙበትን ቦታ በዘይት ማጥመቃቸው ነው። ጃፓኖች ቁንጅናውን ወስደው ዘይቱን ተዉት። የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 አንድ ቶን እንኳ አትሞላም፣ ሞተሯ 1.6 ሊትር ነው፣ ጉልበቷም 115 ፈረስ ገደማ። የዛሬ ስንት የቤተሰብ መኪና ከዚህ በላይ አለው! ፍቅሩ ግን በጉልበት አልመጣም። ወንበሩ ወደ መሬት የወረደ ነው፣ ነፋሱ ጆሮ ሥር ነው፣ መሪው የአስፋልቱን እያንዳንዷን ጠጠር ለእጅ ይነግራል። በ60 ሲነዱ በ120 የሄዱ ይመስልዎታል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሰንዳፋ ነዋሪ የተለየ ትርጉም አለው። ፍጥነትዎን ሊሞክሩበት ያሰቡት ከተማ የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ነው። በአገሪቱ ካለው ከተማ ሁሉ መርጠው፣ ሕግ አስከባሪ በሚሠለጥንበት ደጃፍ ላይ ማርሽ ባይቀያይሩ ይሻላል። በ60 ሆኖ የ120 ደስታ የምትሰጥ መኪና ይዘው ግን በሰላምታ ያልፋሉ።

ከፍታውም ያግዝዎታል። ሰንዳፋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ፋብሪካው 115 ፈረስ ብሎ የሸጠልዎት ሞተር እዚህ ሲደርስ ከ90 ፈቅ አይልም። የቀሩት ፈረሶች ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። አይዘኑ። ሰንዳፋ ፈረስ አጥታ አታውቅም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ላይ ልብዎን አጥብቀው ይያዙ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ዕድሜው በገፋ ቁጥር እየቆለለ እስከ 500 በመቶ ይቀርጣል። የፈረንጅ ሰብሳቢ «ክላሲክ» ብሎ ዋጋ የሚጨምርላትን አሮጊት የእኛ ሕግ ደግሞ ያረጀች ብሎ ቀረጥ ይጨምርባታል፤ ዕድሜ ያስወድዳል በሚለው ላይ ሁለቱም ተስማምተዋል። ያም አልበቃ ብሎ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ኤምኤክስ-5ን ከውጭ ለማምጣት ያስቀመጡት ብር ካለ፣ ለጊዜው ለልጆች ትምህርት ቤት ይክፈሉት።

ተስፋ ግን አይቁረጡ። ዘር መቁጠር የለመድን ሕዝብ ነን፤ ሰባት ቤት ቆጥረን ዝምድና እናወጣለን። ለመኪና ምን ይከለክለናል? አዲስ አበባን ለስንት ዘመን በሰማያዊና ነጭ ቀለሟ ያመላለሰችውን ላዳ ይውሰዱ። ላዳ የሩሲያ ስም ይኑራት እንጂ አጥንቷ የጣሊያን ፊያት 124 ነው፤ ከዚያው ከ124 ቤት ደግሞ ፒኒንፋሪና የሣላት፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ቱሪን ላይ የታየች ባለ ሁለት በር ክፍት መኪና አለች፤ 124 ስፓይደር። እንግዲህ ያቺ ጣሪያዋ በገመድ የታሰረ ታክሲ የስፖርት መኪና የአጎት ልጅ ናት። ነገሩ እዚህም አያቆምም። ፊያት እ.ኤ.አ. በ2016 የስፓይደርን ስም ሲያስነሣ፣ አዲሷ 124 የተሠራችው ሂሮሺማ፣ ማዝዳ ፋብሪካ ውስጥ፣ በኤምኤክስ-5 አጥንት ላይ ነው። ስለዚህ ላዳ ካለዎት ከማዝዳ ጋር አማቾች ናችሁ። ሰርጉ ላይ አለመጠራትዎ ያሳዝናል።

ቮልስ ያላቸው ደግሞ ከዚህ በላይ ሊኩራሩ ይችላሉ። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ ልጁ ፌሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ በፖርሽ ስም የመጀመሪያዋን መኪና ሲሠራ የተጠቀመው በአባቱ የቮልስ ዕቃ ነበር። ሁለት ወንበር፣ ጣሪያ የሌላት። የባጃጅ ሹፌሮችም እንዳይከፋቸው ልናገር፦ የባጃጅ ሞተር እንደ ፖርሽ 911 ከኋላ ነው፣ ጎኗም ክፍት ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ዝምድና ግን ሽማግሌ ልኮ ማጣራት ያስፈልጋል።

አይ፣ እኔ አዲስ ነው የምፈልገው ካሉ ሕጉ የተወልዎት በር ኤሌክትሪክ ነው። ኤምጂ፣ ያ የድሮው የእንግሊዝ ስም፣ ዛሬ በቻይናው ሳይክ እጅ ነው፤ ሳይበርስተር የሚባል ባለ ሁለት ወንበር የኤሌክትሪክ መኪና ይሠራል። በሮቿ እንደ ክንፍ ወደ ላይ ይነሣሉ። ስስ አየር አይነካትም፤ በዚህ ከነዳጇ ትበልጣለች። ክብደቷ ግን ሁለት ቶን ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው፤ ወፍራም ስፖርተኛ ለእኔ አይመቸኝም። ሌላው ችግሯ ዝምታዋ ነው። የሰንዳፋ በግ ከመንገድ የሚወጣው የአይሱዙ ጩኸት ሲሰማ ነው። ድምፅ የሌለውን መኪና እንደ ሌላ በግ ይቆጥረዋል።

ነዳጅም ሆነች ኤሌክትሪክ፣ እነዚህ መኪኖች ከመሬት ያላቸው ከፍታ ስንዝር አይሞላም። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲያዩ በሰያፍ፣ ቀስ ብለው፣ ስመ ሥላሴ ጠርተው ይለፉ። በክረምት ጣሪያ አይክፈቱ። በኅዳር ደግሞ ይክፈቱ፤ ጋቢ ግን ይደርቡ፣ ጫፉን በደንብ ይቋጥሩ።

ጎረቤት «ምን ትጠቅማለች?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን ከአያቶችዎ ይዋሱ። ሸዋ ውስጥ ያጌጠ ፈረስ ያለውን ሰው እህል ጫንልኝ ያለው አልነበረም፤ ለጭነት አህያ አለች፣ ፈረስ ለክብር ነው። ይህች መኪና ፈረስ ናት ይበሉ። ከዚያም ወግ ነውና በፈረስ ስም ይጠሩ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል ተብለዋል። እርስዎ አባ ፍሪሲዮን ቢባሉ ማን ይቃወማል? ምኒልክ ራሳቸው እኮ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡትን መኪኖች በደስታ ነው የተቀበሉት። ምን ይጭናሉ ብለው እንደማይሆን እገምታለሁ።

የት ይንዷት? በዚህ ላይ አልቀልድም። መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን፣ እሁድ ንጋት፣ የጭነት መኪናው ሳይበዛ ወደ ሰሜን ያቅኑ። አለልቱን፣ ሸኖን፣ ጫጫን፣ ደብረ ብርሃንን አልፈው ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማበር ይወጣሉ። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተራራውን የበሱበት ዋሻ እዚያ ነው። ከዋሻው ማዶ መንገዱ እየተጣጠፈ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ባለ ሁለት ወንበር መኪና የተፈጠረችው ለእንዲህ ያለ መንገድ ነው፤ አገሪቱ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥባት ብዙ የለም። ግን በፍሬን ብቻ አይውረዱ፣ ማርሽ ይቀንሱ። ጉም ካለ መብራት ያብሩ። ኩርባው ማዶ አይሱዙ አለ ብለው ያስቡ፤ ብዙ ጊዜ አለ።

የሁለተኛውን ወንበር ነገር ደግሞ ቸል አይበሉ። ሰንዳፋ ውስጥ ባዶ ወንበር ዕዳ ነው፤ ባለቤቱን አስቀድመው ካልሰየሙለት አውራ መንገዱ ይሰይምልዎታል። ለእኔ ይስጡኝ። ሰው ሲጠይቅዎት ያለ ሐሰት «ተይዟል» ይላሉ፤ እኔም እሁድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የራሴን ጋቢ ይዤ እጠብቅዎታለሁ።